ዱባው ደረሰ ማለት ዘሩ ደረሰ ማለት ነውን?

በቋንቋችን አንድ ነገር ሁለት ስም ሲኖረው ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው። ከዱባ ሆድ የሚወጣውን ነገር ቆልተን ስንበላው «የዱባ ፍሬ» እንለዋለን፤ መሬት ውስጥ ስንቀብረው ግን «የዱባ ዘር» እንለዋለን። ነገሩ አንድ ነው፤ የሚጠበቅበት ሥራ ግን ሁለት ነው። ይህን ልዩነት ገበያው ረስቶታል፤ የግብርና ጽሕፈት ቤቶቻችንም ያስታወሱት አይመስለንም። ዛሬ በዚህ ጉዳይ ጥቂት ቃል ለመናገር የፈለግነው፣ ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይም፣ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ በክረምት ማብቂያ ጎተራው የሚጎድልበትን ቤት የሚነካ ስለ ሆነ ነው።

በመስከረምና በጥቅምት ወር ወደ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሰው ዱባ ተደርድሮ ሳያይ አይመለስም። ገዢው ዱባውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ ግዝፈቱን አይቶ፣ በዋጋው ተከራክሮ ይወስዳል። እቤት ሲደርስ ይከተፋል፤ ወጥ ይሆናል። የውስጡ ፍሬ ከአንጀቱ ተለይቶ ይታጠብና በሰፌድ ላይ ይሰጣል፤ ከፊሉ ይቆላል፣ ከፊሉ ይሸጣል፣ ጥቂቱም ለሚመጣው ክረምት ዘር ይሆን ዘንድ በጨርቅ ተቋጥሮ ይቀመጣል። በገጠሩም ቤት ያለው ሥርዓት ከዚህ ብዙም አይለይም። እንግዲህ በዚህ አኳኋን ዱባው የሚቆረጥበትን ቀን የሚወስነው ድስቱ ነው ማለት ነው። ዘሩ ለራሱ የተቀጠረለት ቀን የለውም፤ የወጡ ትርፍ ነው።

«ታዲያ ይህ ምን ያሳስባል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ በደጋው ምን ዐይነት ጊዜ እንደ ሆነ ማንም ያውቀዋል። ገብሱ ገና እሸት ነው፤ ስንዴውም ገና አረንጓዴ ነው። በዚህ ጊዜ ከጓሮ ተነሥቶ በቀጥታ ድስት የሚገባው ጎመን፣ ድንችና ዱባ ነው። ፍሬውም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ ከሽፋኑ ከተፈለፈለ በኋላ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ክብደቱ ቅባት ነው፣ ከመቶ 30 እጅ ያህሉም ፕሮቲን ነው። አባቶቻችን ከኮሶ ሌላ የዱባን ፍሬ ለሆድ ትል ማስወጫ ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ኬሚስቶችም በፍሬው ውስጥ ኩኩርቢቲን የሚባል ንጥረ ነገር መኖሩን ካወቁ ቆይተዋል። ወደ ውጭ አገር ከሚላኩት የቅባት እህሎች መካከልም ከሰሊጥና ከኑግ ኋላ ስሙ ይጠራል። እንዲህ ያለው ተክል በሰኔ ተዘርቶ ግማሹ ሳይበቅል ሲቀር፣ ብዙ ሰው ዝናቡን ወይም አይጡን ይከሳል። እኛ ግን ጥፋቱ ካለፈው መስከረም የጀመረ ነው እንላለን።

ምክንያቱን እነሆ። የዱባ አበባ ከተዳቀለ በኋላ ዱባው በ20 ቀን ገደማ ሙሉ ግዝፈቱን ይይዛል። ከዚያ ወዲያ ብዙ አያድግም፤ የገዢም ዓይን «ደርሷል» ይለዋል። በሆዱ ያለው ዘር ግን በዚያን ጊዜ ገና ቤት በመሥራት ላይ ነው። ዘሩ አስቀድሞ የሚሠራው ሽፋኑን ነው፤ ሽፋኑ ርዝመቱንና ስፋቱን ከጨረሰ በኋላ ነው ውስጡ ቀስ በቀስ መሙላት የሚጀምረው። ስለዚህ የሠላሳ ቀን ዱባ ሲሰነጠቅ የሚታየው ዘር ትልቅና ነጭ ነው፤ በጥርስ ሲከፈት ግን ውስጡ ቀጭን ቅጠል የመሰለ ነገር ወይም ውሃ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ቤቱ አልቋል፤ ባለቤቱ ግን ገና አልገባበትም። በኒው ሃምፕሺር ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ዱባን ሲያጠኑና ሲያዳቅሉ የኖሩት አሜሪካዊው ብሬንት ሎይ እንዳመለከቱት፣ ዘሩ በደንብ ሞልቶ የሚገኘው አበባው ከተዳቀለ ወደ 55 እና 60 ቀን ሲጠጋ ነው። የዱባው ሥጋ ከዚያ አስቀድሞ፣ በ30 ወይም በ35 ቀን ገደማ፣ ሊያከማች የሚችለውን ምግብ አከማችቶ ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ካከማቸው ላይ እየቀነሰ ለዘሩ ይሰጣል። በአሜሪካም አገር ገበያው ቸኩሎ ዱባውን ያለ ጊዜው እያስቆረጠ እንደሚያስቸግር እኚሁ ሰው ጽፈዋል፤ ስለዚህ ችኮላው የእኛ ብቻ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው፣ ዱባው ከሐረጉ ከተቆረጠ በኋላ እንኳ ሥጋው ዘሩን መመገቡን አለማቆሙ ነው። በደንብ የበሰለ ዱባ ተቆርጦ ደረቅና ነፋሻ በሆነ ስፍራ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ሳይከፈት ቢያርፍ፣ የዘሩ ክብደትና የመብቀል ኃይሉ ይጨምራል። በ40 ወይም በ45 ቀኑ ግድ ሆኖ የተቆረጠ ዱባ እንኳ በዚህ ዕረፍት ብዙ ይሻሻላል። በ25 ቀኑ የተቆረጠ ግን ቢያርፍም የሚያካፍለው ስለሌለው ይበሰብሳል እንጂ አይጠቅምም። ዕረፍቱም ከመጠን ሲያልፍ ሌላ ጉዳት አለው፤ ለብዙ ወር የተረሳ ዱባ ሲከፈት ዘሩ እዚያው በሆዱ ውስጥ አቆጥቁጦ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ይህ ሁሉ ለደጋው እናቶች አዲስ ትምህርት ነው ብለን አናምንም። ቅልን ተመልከቱ። ወተት የሚናጥበትን ወይም ውሃ የሚቀዳበትን ቅል በእሸቱ የሚቆርጥ ሰው ከቶ የለም፤ በእሸቱ የተቆረጠ ቅል ተጨማዶ እንደሚበላሽ ልጅ እንኳ ያውቃል። ሐረጉ እስኪደርቅ፣ ቅርፊቱ ጥፍር እስከማያስገባ፣ ሲመታ ድምፅ እስኪሰጥ ይጠበቃል። ለቅሉ የሚታገሥ እጅ ለዱባው የማይታገሠው ስለማያውቅ አይደለም፤ ቅል አይበላምና ነው። እኛም ከዩኒቨርሲቲ በቅርብ የወጣነው ወጣቶች ወደ መንደር ስንወርድ «እናስተምር» ከማለታችን በፊት ይህን የቅል ዕውቀት አንሥተን ወደ ዱባው ብናሻግረው ሥራው ግማሽ በግማሽ ተቃለለ ማለት ነው።

ቅልን ካነሣን ዘንድ «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለውን ተረት ሳንነካ ማለፍ አይሆንልንም። ተረቱ በእጽዋት ትምህርትም ረገድ ትክክል ነው። ሁለቱ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ቢሆኑም እርስ በርሳቸው አይዳቀሉም፤ የቅል አበባ ነጭ ሆኖ ወደ ማታ ሲከፈት፣ የዱባ አበባ ቢጫ ሆኖ ጎህ ሲቀድ ይከፈታል። ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ዱባ ግን አገሩ አሜሪካ ነው፤ ወደ እኛ ሊደርስ የቻለው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1492 ኮሎምቦስ ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ ነው። ስሙ ከዐረብኛው «ዱባእ» ጋር አንድ ይመስላል፤ ዐረቦች ግን በዚህ ስም ይጠሩ የነበረው ከዚያ አስቀድሞ ቅልን ነበር፤ ስለዚህ ስሙ ከተክሉ ይልቅ ሽማግሌ ነው። ታላቁ የሩሲያ የዘር ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. በበቅሎ ጎንደርን አልፈው ሲጓዙ ዓይናቸው ያረፈው በስንዴያችንና በገብሳችን ላይ ነበር፤ ዱባ የሩቅ አገር እንግዳ ነበርና ለጥናታቸው ብዙም አይጠቅማቸውም ነበር። ነገር ግን እንግዳው በጓሮአችን ስንት ትውልድ ቆይቷል! በየዓመቱ «ይህ ይዘራ፣ ያ ይበላ» እያሉ የመረጡት የቤት እመቤቶች ናቸው። ለዚህ ዐይነቱ የገበሬ ምርጫ የዓለምን ዓይን ካስከፈቱት ሰዎች አንዱ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት ዶክተር መላኩ ወረደ ነበሩ። ምርጫው ግን ባልሞላ ዘር ላይ ከተደረገ ያ ሁሉ ትውልድ የደከመበት ነገር በአንድ ክረምት ሊቋረጥ ይችላል።

አሁን ወደ ቀኑ እንመለስ። «55 ቀን፣ 60 ቀን» ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ከየት ተነሥቶ ይቈጠራል? አበባው የተከፈተበትን ዕለት ማን ልብ ብሎ ይይዘዋል? ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቁራጭ ክር ነው። በዱባ ሐረግ ላይ ወንዴውና ሴቴው አበባ የተለያዩ ናቸው፤ ሴቲቱ ከግርጌዋ ትንሽ ዱባ ይዛ ትታያለች። ነገ የምትከፈተው አበባ ዛሬ ማታ ጫፏ ቢጫ ይሆናልና፣ ያን ጊዜ ጫፏን በክር ማሰር ነው። ወንዴውንም እንዲሁ ማሰር ነው። ጠዋት በማለዳ ክሩን ፈትቶ የወንዴውን ዱቄት በሴቲቱ ላይ ማሸትና ንብ እንዳይገባባት መልሶ ማሰር፣ ቀጥሎም ቀይ ወይም ሌላ ቀለም ያለው ክር በጭራዋ ላይ አላልቶ መቋጠር ነው። ይህ በአንድ ድካም ሁለት ጥቅም ይሰጣል። የጎረቤቱ ዱባ በንብ እግር መጥቶ እንዳይቀላቀል ይከለክላል፤ ዕለቱንም ያስታውሳል። ንብ በማይወጣበት የሐምሌ ዝናብ ደግሞ ሦስተኛ ጥቅም አለው፤ ሳይዳቀል ረግፎ ይቀር የነበረው አበባ ይይዛል።

ቀኑን ለመቍጠር የግድግዳ ካሌንደር አያስፈልግም፤ ገጠሩ የራሱ አቆጣጠር አለው። ሐምሌ 19 ቀን በገብርኤል ዕለት ክር የተቋጠረላት ዱባ 60 ቀን የምትሞላው መስከረም 14 ቀን ነው፤ ስለዚህ «የሐምሌ ገብርኤል ዱባ ከመስቀል በፊት ለዘር አትቆረጥም» ማለት ይበቃል። የነሐሴ 16ቱ፣ የፍልሰታው፣ ደግሞ ጥቅምት 11 ቀን ይሞላዋል፤ ያም እስከ ጥቅምት ሚካኤል ይጠበቅ ማለት ነው። ይህ አነጋገር በቢሮ ከሚታተመው መመሪያ ይልቅ በሰው ልብ የሚቀር ይመስለናል።

ነገር ግን ሐሳባችን በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለው። ዱባ ሙቀት ወዳድ ነው። በጣና ዳር ያለው የደምቢያ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ሲሆን፣ ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ያህል ትደርሳለች። አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቍጥር ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሳል። እንግዲህ በደምቢያ የሚሠራው ቀን ለዳባት ሊሠራ አይችልም፤ በደጋው 60 ቀን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ወደ ላይ በወጣን መጠን የሚያስፈልገው ቀን ይረዝማል፤ ከኋላ ደግሞ የኅዳር ውርጭ ይመጣል። ስለዚህ በደጋው ለዘር የሚታሰበው በመጀመሪያ የያዘው ዱባ መሆን አለበት። የአሁኑ ልማድ ግን ተቃራኒው ነው፤ የመጀመሪያውና ትልቁ ይበላል ወይም ይሸጣል፤ ለዘር የሚቀረው በነሐሴ ማብቂያ የያዘው፣ ብርድ የመታው ጭራ ነው። ከጭራው የተወሰደ ዘር የሚያመጣው ምን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም።

ለመሆኑ እነዚህ ቀኖች በእያንዳንዱ ከፍታ ስንት እንደ ሆኑ ለማረጋገጥ ብዙ ገንዘብ ይፈልጋልን? አይፈልግም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቆረቆር ተማሪዎቹን ደብተር አስይዞ ወደ መንደር ይልክ ነበር። ዛሬም በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያና በዳባት እያንዳንዳቸው አሥር ጓሮ ይዘው ክር የሚቋጥሩ፣ በ40፣ በ50፣ በ60 እና በ70 ቀን ዱባ እየቆረጡ የዘሩን ክብደትና የሚበቅለውን ቍጥር የሚመዘግቡ ተማሪዎች ቢኖሩ፣ በአንድ ክረምት የሚበቃ ሠንጠረዥ ይወጣል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን እያሉ የሚያማርሩ ጓደኞች ስላሉን ነው ይህን የምናነሣው።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። አንድ ወጣት ባለሙያ በጳጉሜን ወደ አንዲት እናት ጓሮ ገብቶ «እማማ፣ ይህን ትልቁን ዱባ አይቁረጡት» ቢላቸው፣ እሳቸውም «ልጄ፣ ልጆቹስ ምን ይብሉ?» ቢሉት መልሱ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በፈገግታ የሚያልፍ ባለሙያ ወደዚያ ጓሮ ባይመለስ ይሻለዋል። መልስ ግን አለ። በአንድ በደንብ በበሰለ ዱባ ውስጥ ከመቶ በላይ፣ ብዙ ጊዜም እስከ ሦስትና አራት መቶ የሚደርስ ዘር ይገኛል። አንድ ቤተ ሰብ በጓሮው ሃያ ጉድጓድ ቢቆፍርና በያንዳንዱ ሦስት ሦስት ቢጥል የሚያስፈልገው 60 ዘር ነው። ስለዚህ እማማ የሚጠየቁት አንድ ዱባ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አይጠፋባቸውም፤ ሰነባብቶ ይበላል እንጂ። ሐረጉ ላይ በስሎ፣ ወር ያህል አርፎ ሲከፈት ዘሩ ለዘር፣ ሥጋው ለወጥ ይሆናል፤ በዕረፍቱም ጊዜ ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ከእሸቱ ይልቅ ይጣፍጣል። ሌሎቹን ዱባዎች በፈለጉት ቀን ቢቆርጡ ማንም አይናገራቸውም። ዘሩ ከአንድ ዱባ ብቻ ለዓመታት እንዳይወሰድ ደግሞ አምስት ስድስት ጎረቤት በቡና ሰዓት እፍኝ እፍኝ ቢለዋወጥ በቂ ነው።

ቀሪው ሥራ የሚከናወነው ዱባው ከተከፈተ በኋላ ነው። ዘሩ ከአንጀቱ ጋር ቀናት ሙሉ ተዘፍዝፎ መሽተት የለበትም፤ በዕለቱ መታጠብ አለበት። በሚታጠብበት ጊዜ የሚንሳፈፈው አብዛኛው ባዶ ነውና ይወገድ። ማድረቂያውም ጥላና ነፋስ ያለበት ስፍራ እንጂ በቀትር የጋለ ቆርቆሮ አይደለም። የደረቀ ዘር ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ከጎበጠ ገና ውሃ አለበት። በዘር ጥበቃ ሊቃውንት ዘንድ ሃሪንግተን የተባሉ አሜሪካዊ ያወጡት አንድ የታወቀ ሕግ አለ፤ ይኸውም በዘሩ ውስጥ ያለው ውሃ በመቶ 1 እጅ በቀነሰ ቍጥር የዘሩ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል፣ የማስቀመጫውም ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲቀንስ እንደዚሁ ነው። ደጋው በመብሰል የሚያጣውን በማስቀመጥ ያገኘዋል ማለት ነው። የዳባትና የደባርቅ ቤት ያለ ማቀዝቀዣ ቀዝቃዛ ነውና፣ ዘሩ ደርቆ አፉ በተደፈነ ቅል ውስጥ ቢቀመጥ ከቆላው ይልቅ ብዙ ዓመት ይቆያል።

ስለ ገበያው ያለን ቅሬታ ሳይነገር አይቀርም። ነጋዴው የሞላውንና ባዶውን በአንድ ጣሳ፣ በአንድ ዋጋ እስከ ገዛ ድረስ ገበሬው የሚታገሥበት ምክንያት የለውም። በኦስትሪያ ስታይርማርክ በምትባለው አውራጃ ገበሬዎች ከዱባ ፍሬ የሚያወጡት ዘይት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ ስሙ በሕግ ተጠብቆለታል። እነዚያ ገበሬዎች ሐረጉ እስኪሞት ዱባውን በማሳ ላይ የሚያቆዩት ከእኛ ገበሬ ይልቅ ታጋሽ ሆነው አይደለም፤ ባዶ ፍሬ ዘይት ስለማይወጣው ገዢውም ስለማይቀበላቸው ነው። በጎንደርም አንድ ጣሳ ፍሬ መዝኖ መግዛት የሚያስቸግር ነገር አይደለም፤ ሁለት ጣሳ እኩል ሞልቶ የሚከብደው የሞላው ነው። የንግድና የግብርና ወጣት ሹማምንት ይህን ሚዛን ወደ ገበያው ቢያገቡት፣ ከአሥር ስብሰባ ይልቅ የመስከረሙን ቢላዋ ሊያዘገየው ይችላል።

በጽሕፈት ቤቶችም ዘንድ የሪፖርቱ ዐምድ ይታረም። «ይህን ያህል ኪሎ ዘር ተሰራጨ» የሚለው ቍጥር ስንቱ እንደ በቀለ አይነግረንም። ዘሩ በግንቦት ከመታደሉ በፊት ከከረጢቱ ልዩ ልዩ ስፍራ 100 ዘር ቈጥሮ፣ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ምድጃ አጠገብ ሙቀት ባለበት ስምንት ቀን ማቆየትና የበቀለውን መቍጠር ነው። 85 ከበቀለ ይታደል። 60 ከበቀለ በያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ዘር እንዲጨመር ተነግሮ ይታደል። 30 ብቻ ከበቀለ ግን ከረጢቱ ለዘር መታደሉ ቀርቶ ወደ ቆሎ ሻጮች ይሂድ፤ በሪፖርቱም ላይ «ፍሬ» ተብሎ ይጻፍ እንጂ «ዘር» አይባል።